ሳተርን 5ን ከነማማው እውነተኛ ማስመሰል፦ የ1 ለ 144 ሞዴል ዝርዝር ሥራ

ጠፈርተኞችን ወደ ጨረቃ የወሰደውን የአሜሪካ ሮኬት፣ የሳተርን 5ን ብዙ ሞዴሎች ቀረብ ብሎ ያያቸው ሰው ሰዓታቸው እርስ በርሱ ሲጋጭ ያገኘዋል። ሮኬቱ አመዳይ ለብሷል፤ እንግዲያው ፈሳሽ ኦክስጅን ተሞልቷል ማለት ነው። ከመድረኩ ሥር ግን ተሸካሚው ክሮለር ቆሟል፤ እሱ ደግሞ ሮኬቱን አድርሶ የሚሄደው ከሳምንታት በፊት ነው። የጠፈርተኞቹ መግቢያ ክንድ ገና ከመንኮራኩሩ ጋር እንደተገናኘ ነው፤ መድረኩ ላይ ሠራተኞች ይዘዋወራሉ። እያንዳንዱን ለብቻው ብታዩት ትክክል ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እንዲህ ያለ ደቂቃ ከቶ አልነበረም፤ ዓይንም ምክንያቱን ሳያውቅ እንኳ አንድ ነገር ይጎረብጠዋል።

ስለዚህ የሙጫውን ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ምረጡ። እዚህ የምንሠራው አፖሎ 11ን ነው፦ ፍሎሪዳ፣ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል፣ ማስወንጨፊያ 39ኤ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1969፣ በእኛ ሐምሌ 9 ቀን 1961 ዓ.ም.። ሮኬቱ የተነሣው በአካባቢው ሰዓት ጠዋት 9:32 ነው፤ እኛ ከጠዋቱ 3:32 የምንለው። የምንመርጠው ደቂቃ ለመነሣት 4 ደቂቃ ሲቀረው ያለውን ነው።

ይህ ምርጫ ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ክሮለሩ ሮኬቱን ከነማማው ያመጣው ግንቦት 20 ስለነበር በቦታው የለም። ሮኬቱን በሌላው ወገን ከብቦ የሚቆመው ተንቀሳቃሽ የአገልግሎት ማማም ከመነሣቱ ሰዓታት በፊት ተጎትቶ ርቋል። ከማማው ወደ ሮኬቱ የሚዘረጉት ክንዶች ዘጠኝ ናቸው፤ በዚህ ደቂቃ ከ1 እስከ 8 ያሉት ገና እንደተያያዙ ናቸው፣ ጠፈርተኞቹ የገቡበት 9ኛው ግን 5 ደቂቃ ሲቀረው ሙሉ በሙሉ ዞሮ ከማማው ጎን ተጣብቋል። ሰው ደግሞ በአካባቢው ዝር አይልም። 12 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ የሰው ምስሎች ገዝታችሁ ከሆነ፣ ሮኬቱ ከመገጣጠሚያው ሕንፃ ለሚወጣበት ቀን ሞዴል አስቀምጧቸው።

ልኬት

በ1 ለ 144 አንድ ሜትር ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህን አንድ ቁጥር በቃል ይዛችሁ ማናቸውንም ዝርዝር መመዘን ትችላላችሁ። 110.6 ሜትር የሚረዝመው ሮኬት 76.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም የሮኬቱ የታችኛው ክፍል፣ ውፍረት 7 ሳንቲ ሜትር ነው። ተንቀሳቃሹ መድረክ 49 በ41 ሜትር ስፋትና 7.6 ሜትር ቁመት አለው፤ በሞዴሉ 34 በ28.5 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 5.3። ነበልባሉ የሚወርድበት መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ በየጎኑ 9.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የመወጣጫና የወለል መደገፊያ አጥር ከ7.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ግዙፍ ሰዎች የሚኖሩበት ማማ ይመስላል። ሞዴሉን ከሩቅ መጫወቻ የሚያስመስለው ዋናው ስህተት ይኸው ነው፦ ወፍራም አጥርና ወፍራም ቱቦ። እውነተኛው 5 ሳንቲ ሜትር ቱቦ እዚህ 0.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

የምትፈልጉት ዕቃ ብዙ አይደለም። ከተበላሸ ትራንስፎርመር የተፈታ 0.3 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ስድስት ሜትር ያህል፣ የሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚሉት 0.5 ሚሊ ሜትር የብየዳ ሽቦ ሦስት ሜትር፣ 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነጭ የፕላስቲክ ሉህ ሁለት፣ የቸኮሌት መጠቅለያ ፎይል፣ የሻይ ማጥለያ ናይለን፣ ነጭ ጠመኔና ከሰል፣ ወረንጦ፣ አዲስ ምላጭ፣ 400 እና 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨት ሙጫና ሱፐር ግሉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ከጠረጴዛው ይራቅ፤ የኪቱን፣ ማለትም የተገዛውን የሞዴል ክፍሎች ስብስብ፣ ፕላስቲክ ያቀልጣል። ማጠቢያ ቀለም የሚባለውን፣ በመጋጠሚያ መስመሮች ውስጥ እንዲገባ በጣም የቀጠነ ቀለም፣ ለማቅጠን አኳራጅ ይበቃል፤ እሱም ቢሆን በብዛት ከተቀባና መጋጠሚያ ውስጥ ከተኛ ፕላስቲኩን ያሰነጥቃል፤ ስለዚህ ቀጭን ብሩሽ፣ ጥቂት ጠብታ።

ሮኬቱ አዲስ ነው፤ ማማው አሮጌ ነው

ይህን ልዩነት ካልጠበቃችሁ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ሮኬቱ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወነጨፍ፣ ከፋብሪካ የወጣ ንጹሕ ዕቃ ነው። በመጋጠሚያ መስመሮቹ ሁሉ ጥቁር ማጠቢያ ቀለም ማፍሰስ የጦር ታንክ ሠሪዎች ልማድ ነው፤ እዚህ ቦታ የለውም። ቁጥር 1 የሚባሉት እነዚህ ማማና መድረክ ግን ቀድሞ አፖሎ 4ን በ1967፣ አፖሎ 8ን በ1968 አስወንጭፈዋል። የሁለት ሳተርን እሳት በልቷቸዋል፤ የአትላንቲክ ጨዋማ አየርም ቀን ከሌት ይመታቸዋል።

ለሮኬቱ ንጹሕ ነጭ አትቀቡ። ትንሽ ነገር በንጹሕ ነጭ ሲቀባ ጠመኔ ይመስላል፣ በኋላ የሚመጣው አመዳይም አይታይበትም። በአሥር ጠብታ ነጭ ላይ አንድ ጠብታ በጣም ቀላል ግራጫ ጨምሩ፤ አጨራረሱ ከፊል አንጸባራቂ ይሁን። በሁለት ስስ ንብርብር ቀቡ፣ በመሐሉ አንድ ሌሊት ይደር፣ ከዚያ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ቀስ ብላችሁ አልስልሱ። አንድ ወፍራም ንብርብር የሽንትሮቹን ጎድጓዳ ይደፍናል፤ ሽንትሮቹ ደግሞ ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ታንኮች መገናኛ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ሽንትሮች አሉት፤ የታንኮቹ ግድግዳ ግን ልስልስ ነው። ኪታችሁ ሁሉንም ልስልስ አድርጎ ከሠራው፣ ከቀጭኑ ሉህ ላይ በምላጭ ጀርባ በየ0.7 ሚሊ ሜትር እየጫራችሁ ቀበቶ አዘጋጁና በመገናኛው ዙሪያ አጣብቁ።

ጥቁሩን ቀለም በኪቱ መመሪያ ብቻ አትመኑ። ከቆዩት ኪቶች ብዙዎቹ የተቀረጹት በ1966 ለልምምድ ብቻ በቆመው፣ መቼም ባልተወነጨፈው 500ኤፍ በተባለው ሮኬት አምሳል ነው። እሱ በመጀመሪያው ደረጃ ታንኮች መገናኛ ላይ ጥቁር ቀለም ነበረው። ጥቁሩ የፀሐይ ሙቀት ስለሚስብ በተወነጨፉት ሮኬቶች ላይ ያ ክፍል ነጭ ሆኗል። ያንን ቀበቶ ነጭ ማድረግ ብቻ ሞዴሉን ከልምምድ ሮኬት ወደ እውነተኛው ያሸጋግረዋል።

ከላይ ያለው ክፍል በአጭሩ ይኬዳል። ጠፈርተኞቹ የሚቀመጡበትን የትእዛዝ ክፍል ብር ቀለም አትቀቡት፤ መድረኩ ላይ እያለ በነጭ መከላከያ ሽፋን ተከድኗል። የአገልግሎት ክፍሉ ብርማ ነው፤ ሙቀት ማስወገጃ ሰሌዳዎቹ ነጭ ናቸው። የጨረቃ ማረፊያዋ ከሥሩ ባለው ነጭ ሾጣጣ ውስጥ ተደብቃለች፤ ለእሷ ጊዜ አታጥፉ።

ሞተሮቹ

በየሙዚየሙ ያሉት ኤፍ-1 የተባሉት የመጀመሪያው ደረጃ ሞተሮች ቱቦዎቻቸውና ወገባቸው ተራቁቶ ይታያሉ፤ ሞዴል ሠሪውም ያንን አይቶ ይቀባል። ሊበሩ የተዘጋጁት ግን እንዲያ አልነበሩም። አምስቱ ሞተሮች ጎን ለጎን ሲነድዱ የአንዱ ሙቀት ሌላውን እንዳይጎዳ፣ እያንዳንዱ በብረት ፎይል በተለበጠ የሙቀት መከላከያ ተጠቅልሎ ነበር። መልኩ ደብዛዛ ብር ነው፤ እንደ ተሰፋ ትራስ በየክፍሉ ትንሽ ትንሽ ያበጠ።

በሞዴሉ ሞተሩ 4 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ አፉ 2.6 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። አሠራሩ ይኸውና። የቸኮሌት ፎይሉን በመዳፋችሁ ጨምድዱ፣ ከዚያ በጣት ብቻ ዘርጉት፤ በማንኪያ ጀርባ ካሻችሁት ሽብሽቡ ይጠፋል። ስፋታቸው 7 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቁራጮች ቁረጡ፤ ለአንድ ሞተር ሃያ ያህል ይበቃሉ። የእንጨት ሙጫ በእኩል ውኃ አቅጥናችሁ ሞተሩን ቀቡና ከታች ወደ ላይ አልብሱ፤ የላይኛው ቁራጭ የታችኛውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ይደርበው። ጠርዙን በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ጫን በሉት፤ ያ መስመር ስፌቱ ይሆናል። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፦ ሲደርቅ የሚወጣው እንፋሎት ፎይሉ ላይ ነጭ ጉም ይጥላል፣ ቁራጩንም ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። የወጥ ቤት ፎይልም አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ ሽብሽቡ ትልልቅ ይወጣና የ1 ለ 20 ሞተር ያስመስለዋል። ሲደርቅ ደብዛዛ ቫርኒሽ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በአኳራጅ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ስፌቶቹ ላይ ብቻ።

የሞተሩን አፍ ውስጥ ጥቁር ግራጫ ቀቡና ጥላሸት አስነኩት። ሮኬቱ አዲስ ነው ብለን ነበር፤ ይህ አንዱ ልዩ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ወደ ፍሎሪዳ ከመምጣቱ በፊት ሚሲሲፒ ውስጥ ታስሮ ተተኩሶ ተፈትኗል።

አመዳዩ

ፈሳሽ ኦክስጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ቅዝቃዜ አለው፤ የፍሎሪዳ የሐምሌ አየር ደግሞ በእርጥበት የተሞላ ነው። የታንኩ ግድግዳ ላይ ያ እርጥበት አመዳይ ሆኖ ይጋገራል። ቁልፉ ጥያቄ የት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የኦክስጅኑ ታንክ የላይኛው ነው፤ በሞዴሉ ከሽንትራሙ መገናኛ በላይ 13 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ልስልስ ግድግዳ። የታችኛው ታንክ የያዘው ኬሮሲን ስለሆነ አመዳይ አይነካውም። የሁለተኛው ደረጃ የሃይድሮጂን ታንክ ከውጭ፣ የሦስተኛው ደግሞ ከውስጥ በመከላከያ ስለተለበጡ እነሱም ያን ያህል አይዙም። ሮኬቱን ከላይ እስከ ታች ዱቄት የነሰነሰ ሰው ኬሮሲኑንም አቀዘቀዘው ማለት ነው።

ቀጥሎ ውፍረቱ። አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆን በረዶ እንኳ በዚህ ልኬት 0.07 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጣት የማይታወቅ። ስለዚህ አመዳዩን እንደ ጉብታ አትሥሩት፤ የምትቀይሩት አንጸባራቂውን ገጽ ወደ ደብዛዛ ነው። የመጋገሪያ ሶዳ አትጠቀሙ፤ ቅንጣቱ ወፍራም ነው፣ ከሙጫ ጋር ሲቆይም ወደ ቢጫ ይሄዳል።

መጀመሪያ ቀያይ ፊደሎቹንና ባንዲራውን ለጥፉ። ከመለጠፋችሁ በፊት ቦታውን በአንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀቡት፤ ሻካራ ገጽ ላይ የተለጠፈ ዲካል (ተለጣፊ ምስል) ሥሩ አየር ይይዝና ዙሪያው እንደ ዓሣ ቅርፊት ይብለጨለጫል። በማግሥቱ ነጭ ጠመኔ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላይ ፈግፍጋችሁ በናይለን ወንፊት ንፉ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ደብዛዛ ቫርኒሽ በእኩል ውኃ አቅጥኑና በጠፍጣፋ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለት ጣት ስፋት ያህል ብቻ በአንድ ጊዜ ቀቡ። ሳይደርቅ ጠመኔውን ከሃያ ሳንቲ ሜትር ከፍታ በወንፊት አራግፉበት። ታንኩን አዙራችሁ እስክትጨርሱ እንዲሁ ቀጥሉ፤ ሁሉንም በአንዴ ከቀባችሁ የመጀመሪያው ይደርቅና ዱቄቱ አይይዝም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እፍ በሉበት። ከዚያ ደረቅና ጠንካራ ብሩሽ ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ሳቡ፤ አግድም አንድም ጭረት አይኑር። በመጨረሻ እርጥብ የጆሮ ጥጥ ጫፍ እዚህም እዚያም ነካ አድርጉና ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ቅርጽ የለሽ ቦታዎች ግለጡ፤ በረዶው ተገንጥሎ የወደቀባቸው ናቸው። የአመዳዩ የታች ድንበር በሦስት አራት ሚሊ ሜትር ውስጥ ይደብዝዝ። ፊደሎቹ በስስ መጋረጃ ውስጥ ያሉ መምሰል አለባቸው። በዚህ ደረጃ ሮኬቱን በባዶ እጅ ከያዛችሁት የጣት ቅባት አመዳዩን ያጠፋዋል፤ ከሥሩ በእንጨት ዘንግ ያዙት።

ከታንኮቹ መተንፈሻ የሚወጣውን ነጭ እንፋሎት በጥጥ ማሳየት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሞዴሉን ያበላሻል። ካደረጋችሁት ጥጡ ከኋላው ያለውን ማማ እስኪያሳይ ድረስ ይሳሳ፤ ቀዝቃዛ እንፋሎት ይወርዳል እንጂ አይወጣም፤ ከየቦታው የሚወጣው ሁሉ ወደ አንድ የነፋስ አቅጣጫ ይዘንበል።

ማማው

ማማው ቀይ ነው፣ መድረኩ ግራጫ። ቀዩን በነጭና በትንሽ ቡናማ አለዝቡት፤ ከማሰሮው የወጣ ደማቅ ቀይ እዚህ ልኬት ላይ ይጮኻል። አሥራ ስምንቱን ወለሎች ከመገጣጠማችሁ በፊት ለየብቻ ቀቡ፤ ከተገጠሙ በኋላ ብሩሽ ወደ ውስጥ አይደርስም። ወለሉን ከሻይ ማጥለያ ናይለን ቆርጣችሁ በቀጭን የፕላስቲክ ክፈፍ ላይ ወጥራችሁ ከለጠፋችሁት ብርሃን ያሳልፋል፤ ጠጣር ወለል ያለው ማማ ግን የመኖሪያ ፎቅ ይመስላል።

ለአጥሩ ከኪቱ የተረፈውን፣ ክፍሎቹ ተያይዘው የመጡበትን የፕላስቲክ ግንድ በሻማ ሳቡ። ከነበልባሉ ጫፍ ሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ይዛችሁ እያሽከረከራችሁ አሙቁ፤ መሐሉ አብረቅርቆ መልፈስፈስ ሲጀምር ከሻማው አርቁና ሁለቱን ጫፍ ሳቡ። ሻማው ላይ እያለ የሳበ ሰው ይበጠስበታል። በፍጥነት ከሳባችሁ ይቀጥናል፣ ቀስ ካላችሁ ይወፍራል። ወጥራችሁ አሥር ሰኮንድ ያዙት፤ ቶሎ ከለቀቃችሁት ይጣመማል። 0.2 ሚሊ ሜትር የደረሰውን ብቻ ለአጥር አስቀሩ።

ቱቦዎቹ ማማውን ማማ የሚያደርጉት ናቸው፤ እዚህ ጊዜ ስጡ። መዳቡን ቀጥ ለማድረግ አንዱን ጫፍ በጠረጴዛ ማሰሪያ፣ ሌላውን በፒንሳ ይዛችሁ ትንሽ እስኪለጠጥ ሳቡ። ቱቦ ከየትም ተነሥቶ የትም አይቀርም፦ ከመድረኩ ይነሣል፣ በማማው አንድ ጥግ ተደርድሮ ይወጣል፣ በክንዱ ወለል ተጠማዞ ከክንዱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር የቱቦው ብዛት መቀነስ አለበት። ከታች አሥራ አራት ካስነሣችሁ፣ በየክንዱ አንድ ወይም ሁለት እየተቀነሰ ከላይ ሁለት ሦስት ይቅር። ከታች እስከ ላይ እኩል የተደረደረ ሽቦ የበገና ክር ይመስላል። በየሁለት ሳንቲ ሜትሩ ከፎይል የተቆረጠ የግማሽ ሚሊ ሜትር ማቀፊያ አድርጉ።

እርጅናውን ከታች ጀምሩ። እሳቱ የሚመታው መድረኩን፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ወለሎችና ሮኬቱን የሚያየውን ፊት ነው። እነዚህን ቦታዎች መጀመሪያ ቡናማ ቀቡ፣ ሲደርቅ የጸጉር ስፕሬይ ንፉ፣ ወዲያው በላዩ የአክሪሊክ ቀዩን ቀቡ፤ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ በእርጥብ አሮጌ ብሩሽ ጠርዞቹን ስትነካኩ ቀዩ ይላጣል። ቀዩን ከሰዓታት በላይ ካቆያችሁት አይላጥም፤ ውኃ ካበዛችሁ ደግሞ ሙሉ ገጹ ይነሣል። በመድረኩ ቀዳዳ ዙሪያ የተፈጨ ከሰል ከመሐል ወደ ውጭ በሚሄድ ጭረት አሹ። የማማው የላይኛው ግማሽና ጀርባው በአንጻሩ ከደበዘዘ ቀለም በቀር ብዙ አይፈልጉም።

መሬቱ

መድረኩ በስድስት እግሮች ላይ ይቆማል፤ በሞዴሉ እያንዳንዱ 4.7 ሳንቲ ሜትር። ከሥሩ ያለው የነበልባል ቦይ 12.3 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 9 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል፤ ሙሉ ርዝመቱ 95 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን በሁለቱም ወገን ቆርጣችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ። ለኮንክሪቱ ጀሶ ላይ የእንጨት ሙጫ ጨምሩና ከሦስት ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ በሁለት ዙር አፍስሱ፤ በአንዴ ወፍራም ከሆነ ይሰነጠቃል። ሥሩ ፎም ከሆነ ቲነር ያለበት ቀለም አታስጠጉ። የቃጠሎው ጥቁረት በቦዩ ርዝመት እንጂ በሁሉም አቅጣጫ አይበተንም።

ማያያዝ

ሮኬቱ መድረኩ ላይ ከሥሩ በሚይዙት አራት ያዥ ክንዶች ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን በክብደት የተንጠለጠለ ክር አረጋግጡ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ዘንበል ካለ ከማማው መስመሮች አጠገብ ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ብቻ ስምንቱን ክንዶች ከሮኬቱ ጋር የሚያገናኙትን መስመሮች ግጠሙ። ለእነዚህ መዳብ አትጠቀሙ፤ ስፕሪንግነት ስላለው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሊዱ ለስላሳ ስለሆነ በራሱ ክብደት ያለ ያህል ይረግባል። ለእያንዳንዱ ክንድ ከሁለት እስከ አራት ቁራጭ፣ ርዝመታቸው ከክፍተቱ በሩብ ይበልጥ፤ የሮኬቱን ጫፍ ቀድማችሁ በመርፌ ጫፍ በተነካ ሱፐር ግሉ አጣብቁ፣ ሲይዝ የክንዱን ጫፍ። 9ኛው ክንድ ላይ ምንም አይንጠልጠል፤ ከመድረኩ በላይ 68 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጫፉ ላይ ካለው ጠፈርተኞቹ ከሚያልፉበት ነጭ ክፍል ጋር ወደ ኋላ ዞሯል።

በመጨረሻ ስልካችሁን ገልብጣችሁ ካሜራው መድረኩ ወለል ላይ እንዲያርፍ አድርጉና ወደ ላይ ፎቶ አንሡ። ከላይ ሆናችሁ ያላያችሁት ሁሉ ይወጣል፦ የሚያብለጨልጭ የሙጫ ጠብታ፣ ያልተቀባ የወለል ሆድ፣ የተጣመመ አጥር። ጠብታውን በደብዛዛ ቫርኒሽ ንኩ፣ ሆዱን በረጅም ቀጭን ብሩሽ ቀቡ፣ አጥሩን አውልቃችሁ በአዲስ ተኩ፤ ከዚያ ደግማችሁ ፎቶ አንሡ።